ከሜዳ ላይ የወጣው ዓሣ

ሰውየው ሜዳው መሃል ቁጭ ብሎ በቀጭን ክር ዓሣ ሲያወጣ ባየሁ ጊዜ ነው ነፍሴ ከሥጋዬ የተላቀቀችው። ዓሣው ሕያው ነው። በረዶው ላይ ወድቆ ይፈራገጣል። እኔ ደግሞ ልጄን በእጄ ይዤ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ። መሬት ዓሣ አያወጣም። ታዲያ እኔ የቆምኩት ምን ላይ ነው?

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ስቶክሆልም በገባሁ በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ነው። ብዙ ዓመት አለፈው። ዛሬም ሰፊ ነጭ ሜዳ ሳይ ዳር ዳሩን ነው የምሄደው። የማልረሳው ግን ስለ ፍርሃቱ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ያወጣን ነገር እስካሁን ስለሚደንቀኝ ነው። እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አንባቢዎች ይቅር በሉኝ፤ ነገሩን ግን እንደሆነው ነው የምነግራችሁ።

ባለቤቴ ልጃችንን ሶስናን ይዞ በሱዳን በኩል የወጣው ገና ሕፃን ሳለች ነው። እኔ የታመመች እናቴን አስታምሜ እከተላችኋለሁ ብዬ ቀረሁ። መከተሉ እንዳሰብኩት አልሆነም፤ ዓመታት ፈጀ። በስተመጨረሻ ስደርስ፣ ታዝላ የሄደችው ልጅ ትከሻዬ ላይ ደርሳ ጠበቀችኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እንደ እንግዳ እጇን ዘረጋችልኝ። እኔ አቅፌ ሳለቅስ እሷ የአባቷን ጃኬት ይዛ ቆመች።

አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። «በላሽ ወይ?» እላታለሁ። «ያ» ትላለች፤ አዎ ማለቷ ነው። «ብርድ ነካሽ ወይ?» «ያ።»

«ይሄ ያ፣ ያ የምትይው ሰውዬ ማነው? አንድ ቀን እንኳ አታሳይኝም?» ስላት አባቷ በሳቅ ይሞታል፤ እሷ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች። እኔም ወጥ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ልጅ ወልዶ እንደ ጎረቤት ሰላም መባባል ከባድ ነው።

የምንኖረው ሄሰልቢ ነበር፤ ከቱነልባናው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ የመጨረሻ ጣቢያ ወረድ ብሎ ካሉት ፎቆች አንዱ ላይ። ከመስኮታችን በታች ሰፊ ነጭ ሜዳ ይታያል። የመጣሁት በረዶው ሁሉን ነገር ከሸፈነ በኋላ ስለሆነ ሜዳ ከመሆኑ በቀር ሌላ ነገር አላየሁበትም። ሰው ይሄድበታል፣ ውሻ ይሮጥበታል፣ ልጆች ይንሸራተቱበታል። «ይህን የመሰለ መሬት ማንም ሳያርሰው!» እያልኩ ከላይ ሆኜ እቆጭ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ አጠገቤ መጥቶ «ደስ አይልም?» አለኝ። «ደስ ይላል። የማን ነው?» አልኩት። «የሁሉም ነው» አለኝ። ሐይቅ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። የሚያውቅ ሰው፣ የማያውቅ ሰው መኖሩን መች ያስታውሳል?

ከሜዳው ማዶ አንድ ትልቅ ቀይ የእንጨት ቤት አለ። ማታ ማታ መብራቱ ከእኛ ቤት ይታያል።

ሶስና የልጆች ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። በዚያ ሰሞን ከላትቪያ አንድ የትልልቅ ሰዎች ኳየር መጥቶ ከነሶስና ጋር አብሮ ሊዘምር ይሰናዳ ነበር። እንግዶቹ ያረፉት በዚያው በቀዩ ቤት ነው፤ ልምምዱም እዚያው ነው። ላትቪያ የት እንደሆነ የነገረኝ ባለቤቴ ነው።

«ከዚህ ባሕር ወዲያ ማዶ ናቸው። ላትቪያን ጨምሮ ሦስት ትናንሽ አገሮች ናቸው፤ ሶቪየት ውጧቸው ነበር። እኛ አገር ደርግ በወደቀ ጊዜ እነሱም ነፃ ወጡ። እዚያ አገር ሰው ሁሉ ይዘምራል። የሶቪየትን መንግሥት ያንቀጠቀጡት አደባባይ ወጥተው በመዘመር ነው ይባላል።»

«በመዝሙር?»

«በመዝሙር።»

«እኛንስ ቀበሌ ሰብስቦ ስንት መዝሙር አዘምሮን የለም? ጉሮሯችን ደረቀ እንጂ ምን አገኘን?» አልኩት።

ዜማቸው ደግሞ ለጆሮዬ ዜማ አልሆነልኝም። ቃል የለውም። ሶስና መታጠቢያ ቤትም ትግባ፣ አልጋዋ ላይም ትተኛ፣ አፏን ገጥማ አንድ ድምፅ ትይዝና «ምምም» ትላለች። ወደ ላይ አይወጣ፣ ወደ ታች አይወርድ።

«ይህቺ ልጅ የንብ ቀፎ ውጣለች እንዴ?» አልኩት አባቷን።

«አዲስ ድርሰት ነው። የደረሰው ሰውዬ ራሱ ገና በሕይወት አለ።»

«በሕይወት ካለ ታዲያ ምን አለ ቃል ቢጨምርበት?»

አንድ ቀን እራት ላይ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ስትይዢ ትንፋሽሽ አያልቅም?» ብዬ ጠየቅኋት። እንዲሁ ለወሬ ነበር የጠየቅሁት። እሷ ግን ፊቷ በራ። ሹካዋን አስቀምጣ ብዙ ተናገረች፤ አባቷም ከሥር ከሥር ተረጎመልኝ። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አይተነፍስም አለች። እሷ ስትተነፍስ አጠገቧ ያለችው ልጅ ድምፁን ትይዛለች፤ ያቺ ስትተነፍስ ደግሞ እሷ ትይዛለች። ትንፋሽ የሚወስድ ሰው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። የሚሰማ ሰው አንድም ቦታ ሲበጠስ አይሰማም። ከተፈለገ እስኪመሽ ይቆያል።

«ደቦ ነው በላ!» አልኩ።

ባለቤቴ ደቦን በስዊድንኛ ሊያስረዳት ብዙ ታገለ። መሬት፣ በሬ፣ ጎረቤት እያለ እጁን ሲያወናጭፍ እሷ ሳቀች። እኔ ባልኩት ነገር ልጄ ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ። በማግስቱ እሑድ ሶደርማልም በሚባል ሰፈር አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሊዘምሩ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመጨረሻው ልምምድ ነው። ከልምምዱ የቀረ ልጅ እሑድ አይዘምርም ተብሏል። ባለቤቴ ሥራ ገቢ ነበር። ጠዋት ሲወጣ፣ «አውቶቡሱ ዙሪያውን ስለሚዞር ሩቅ ነው። ቅዳሜ ደግሞ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚመጣው፤ እንዳያመልጣችሁ» አለኝ።

«እናቷ አይደለሁም? አደርሳታለሁ» አልኩት። እኔና እሷ ብቻችንን ስንወጣ መጀመሪያችን ነበር። እንደ ሠርግ ነው የተሰናዳሁት።

ልጅ ባዶ ሆዷን ከቤት አትወጣም ብዬ ጨጨብሳ ሠራሁላት። በላች። ጃኬቷን ለበሰች፣ ቀይ የሱፍ ቆቧን አደረገች፣ በሩ ላይ ቆማ «ማማ፣ አውቶቡስ!» ትላለች። እኔ ጉርሻ ይዤ ተከተልኳት። «በሞቴ!» ጎረሰች። «አንድማ ያጣላል፣ በይ ድገሚ!» ደገመች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ወርደን ጣቢያው ስንደርስ የአውቶቡሱን ጀርባ አየነው።

ልጄ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ አይደለም፤ ዝም ብላ እንባዋ ይወርዳል። እሱ ደግሞ ይብሳል። እናትነቴን ላሳይ በወጣሁበት ቀን ልጄን ከመዝሙሯ አስቀረኋት ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ። ዞር ብዬ ወደ ታች ባይ ቀዩ ቤት ከሜዳው ማዶ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ያውልሽ እኮ! ለዚህ ነው አውቶቡስ የምንጠብቀው? እኔ በልጅነቴ ገበያ የምሄደው ከዚህ አሥር እጥፍ ነው። ነይ!» አልኳት።

ሜዳውን አየች፣ እኔን አየች። «እውነት?» የምትል መሰለች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ እጇን ሰጠችኝ።

በኋላ እንደነገረችኝ፣ አባቷ «ያለ ትልቅ ሰው እዚያ ላይ እንዳትወጪ» ብሎ አጥብቆ አስጠንቅቋት ኖሯል። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። እናቷ ነኝ። ሳላውቅ የማደርገው እንዴት ይመስላታል?

በጃኬቴ ላይ ነጠላዬን ደርቤ፣ እጇን ይዤ ወረድኩ። እንዴት ያለ ደስ የሚል መንገድ መሰላችሁ! ዳገት የለው፣ ድንጋይ የለው። የበረዶ ሸርተቴ የሄደበት ዱካ ፊት ለፊታችን ተዘርግቷል። ልጄ እጇን አልነጠቀችኝም። እንደውም እያንጎራጎረች ትሄዳለች፤ ያንኑ «ምምም»ዋን ነው። እኔም በልቤ፣ «አውቶቡሱም እንኳን አመለጠን» አልኩ።

ሰውየውን ያገኘነው መሃል ላይ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ምን ይሠራል ብዬ ጠጋ ስል ክሩን ሳበና ዓሣውን ጣለው።

«ሶስና፣ ይህ ምንድነው?»

«ዓሣ» አለች።

«ዓሣ መሆኑን አየሁ! ከየት መጣ?»

በእግሯ ጫማችን ሥር መታ አድርጋ «ከታች። ውሃ» አለች።

«የምን ውሃ?»

ትኩር ብላ አየችኝ። አለማወቄ የገባት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እጇን ከዳር እስከ ዳር፣ እስከ ፎቆቹ፣ እስከ ቀዩ ቤት ድረስ አዞረችው። «ሁሉም ውሃ» አለች።

ባለሁበት ቁጭ አልኩ። መቀመጡም ክብደቴን አንድ ቦታ የሚያከማች መሰለኝና በእጄም በጉልበቴም ተደግፌ እንደ ድመት ሆንኩ። ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ። የያዘውን ብረት አንስቶ ግግር በረዶውን ጓ! ጓ! አደረገልኝ። እኔ ጮህኩ። እጁን ክሩ በወረደበት ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ እስከ ክርኑ እያሳየ ለሶስና ነገራት።

«ወፍራም ነው ይላል። መኪና ይሄድበታል ይላል።»

«መኪና ይሂድበት! እኔ መኪና ነኝ?»

ሽማግሌው ሰማዩን አየ። ፊቱ ተለወጠ። በግራችን በኩል ወደ ሩቅ እየጠቆመ አጥብቆ ተናገረ። ሶስና የምታውቃትን አማርኛ ሁሉ አሰባስባ፣ «እዚያ መርከብ ይሄዳል። ሰብረውታል። ክፍት ውሃ ነው። ወደዚያ አይሆንም። ቀጥ ብላችሁ፣ ቶሎ በሉ አለ» አለችኝ። እሱም ዓሣውን፣ በርጩማውን ሰብስቦ ወደራሱ ዳር አቀና።

መመለስ ፈለግሁ። ዞር ስል ፎቆቹ ርቀዋል፤ ቀዩ ቤት ይቀርባል። ሶስና ደግሞ ቀድማ መራመድ ጀምራለች። ልጄን ውሃ ላይ ትቼ የት እሄዳለሁ? እያንዳንዷን እርምጃ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» እያልኩ ተከተልኳት።

በረዶው ከዚያ መጣ። ቀስ ብሎ አልመጣም፤ መጋረጃ ሲጣል እንደማለት ነው። ቀዩ ቤት ጠፋ። ፎቆቹ ጠፉ። ዱካው ጠፋ። ሰማይና መሬት፣ መሬት ቢባል እንኳ፣ አንድ ነጭ ሆኑ። ቀዩን ቆብ ብቻ ነው የማየው። እሱም አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ሲልብኝ ደንግጬ ሮጥኩና ያዝኳት። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ አንዱን ጫፍ በወገቧ፣ ሌላውን በወገቤ አሰርኩት። ሕፃን ሳለች አዝዬ ያልጠገብኳትን ልጅ ያን ቀን እንዲያ አድርጌ ያዝኳት።

ትንሽ እንደሄድን ከሥራችን አንድ ነገር ጮኸ። ነጎድጓድ አይደለም። ረጅም ሽቦ ሲወጠርና ሲለቀቅ የሚጮኸውን ያህል ነው፤ ከእግሬ ሥር ተነስቶ ሩቅ ሄዶ ጠፋ። «ተሰበረ!» ብዬ ያዝኳት።

«አይደለም፣ አይደለም! ጥሩ ነው! ጠንካራ ሲሆን ይጮሃል!» ትለኛለች። እሷ ራሷ ግን ክንዴን አልለቀቀችም።

ምን ያህል እንደሄድን አላውቅም። ነፋሱ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን ይመታናል። ቀጥ ብለን እየሄድን ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ጫማዬ ሰምጦ ቀረ። ሳወጣው እርጥብ ነው። ከፊቴ ያለው በረዶ ነጭ አይደለም፣ አመድማ ነው፤ ውሃ ጠጥቷል። ልጄን በነጠላው ሳብኳትና ወደ ኋላ አፈገፈግን። ወደ ግራ ሄደን ኖሯል። ወደዚያው አትሂዱ ወደተባልነው።

ከዚያ በኋላ መንቀሳቀስ ፈራሁ። ወዴት ነው የሚኬደው? ኋላችን የቱ ነው? ባለ በሌለ ድምፄ «ኡ! ኡ! የሰው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ። በረዶው ድምፄን ዋጠው። ኡኡታ ምን እንደሆነ በማይታወቅበት አገር ኡኡ ብል ማን ይደርስልኛል? ልጄ በእቅፌ ውስጥ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ያሰብኩት ይህንን ነው፦ ይህን ሁሉ ዓመት ያለ እኔ በሰላም ያደገች ልጅ፣ እኔ በመጣሁ በወሩ በገዛ እጄ ውሃ ላገባት ነው። «እመቤቴ፣ እኔን ውሰጂኝ፣ እሷን ግን አድርሻት» አልኩ።

ደግሜ ልጮህ አፌን ስከፍት ሶስና በጓንቷ አፌን ያዘችኝ።

«ዝም በይ፣ እማዬ።»

እማዬ አለችኝ። እስከዚያ ቀን «ማማ» ነበርኩ።

ዝም አልኩ። መጀመሪያ ነፋሱን ሰማሁ። ከዚያ ከነፋሱ ሥር እንደ ንብ ያለ ነገር። ጆሮዬ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አልጠፋም። አንድ ድምፅ ነው፤ ወደ ላይ አይወጣ፣ ወደ ታች አይወርድ።

«እነሱ ናቸው!» አለች ሶስና። «የኛ ነው! እዚያ ነው!» እጇን ዘረጋች። እኔ ቤቱ ያለበት ይመስለኝ የነበረው ፍጹም በተቃራኒው ነበር።

ሄድን። ነፋስ ሲበረታ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲበርድ ይወፍራል፤ መበጠስ ግን አልተበጠሰም። ቢበጠስ ኖሮ እዚያው በቀረን ነበር፤ ዓይናችን የሚይዘው ነገር አልነበረም። ጆሯችንን ወደዚያ አድርገን እንደ ዓይነ ስውር ተጎተትን። «ደቦ ነው» እላለሁ በልቤ፤ «አንዱ ሲተነፍስ ሌላው እየያዘ ነው።» ቃል የለውም ብዬ ያፌዝኩበት ነገር እንደ ገመድ ተዘርግቶ ይጎትተን ነበር።

ሶስናም አፏን ገጥማ ያንኑ ድምፅ ያዘች። ትንፋሿ ሲያጥር ነጠላውን ሳብ አደረገችና፣ «አንቺም» አለችኝ።

«እኔ አልችልም።»

«እኔ ስተነፍስ ያዢ። እንዲሰሙን።»

ያዝኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ዜማውንም አላውቅ። እሷ ስትተነፍስ እኔ፣ እኔ ስተነፍስ እሷ፤ እንዲያ እያልን ሄድን። ከልጄ ጋር አንድ ሥራ አብሬ ስሠራ ያ የመጀመሪያው ነው። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ማልቀስና ድምፅ መያዝ ግን አብረው አይሄዱምና ለቅሶዬ ተወኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ደረቅ ሸምበቆ ነው። ከሸምበቆው ኋላ ሰዎች። ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል፤ ትልልቆቹ ከኋላ፣ ልጆቹ ከፊት። ካፖርት የለበሰ ጥቂት ነው። ከቤት እንዳሉ ወጥተው ኖሮ ብዙዎቹ በካልሲ በረዶው ላይ ቆመዋል፤ በዚህ አገር ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ከፊታቸው ፀጉሯ የሸበተ ሴት እጇን ከፍ አድርጋ ቆማለች። የእንግዶቹ መሪ ናት። እኛን አየች፤ እጇን ግን አላወረደችም። ሁሉም አዩን፤ ማንም ድምፁን አልለቀቀም። ልጆቹ እንኳ እንባቸው እየወረደ ይዘውታል። ሴትየዋ እግሬን ታያለች። አንዱ እግሬ ድንጋይ ነካ። ሁለተኛውን ጠበቀች። ሁለተኛውም ሲነካ ጣቶቿን ሰብሰብ አደረገች፤ ድምፁ ቆመ።

እንደዚያ ያለ ፀጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሮጠ፣ አቀፈን።

እኔ ተንበርክኬ በረዶውን በእጄ እጭር ነበር። ቡናማ ሣር አገኘሁ። ከሣሩ ሥር ጠጠር አገኘሁ።

«ሶስና፣ ይህ መሬት ነው?»

«መሬት ነው፣ እማዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ከሥሩ ዓሣ የለም?»

ያልኩትን ተርጉማ ስትነግራቸው የሚያለቅሱት ሁሉ ሳቁ።

ቤት አስገብተው ብርድ ልብስ አለበሱን፣ ትኩስ ነገር ሰጡን። በካልሲ የቆሙትም እግራቸውን ምድጃው ዳር ደርድረው ያሻሉ። እንዴት እንዳወቁ ያን ጊዜ ሰማሁ። አንዲት ልጅ በመስኮት ቀይ ቆብ ግግሩ ላይ ሲመጣ አይታ «ሶስና እየመጣች ነው» ብላለች። እኔን ያየኝ የለም፤ ነጭ ነጠላ በነጭ በረዶ ላይ ማን ያያል? ወዲያው በረዶው ቆቡን ዋጠው። ሕፃን ልጅ ብቻዋን ውሃው ላይ ጠፋች ብለው ተሸበሩ። ቤቱ ደወል የለው። አንዱ «እንጩህ» ሲል ያቺ የሸበተች ሴት ከለከለች። እሷ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት አሉ። «ጩኸት ይጀምራል፣ ያቆማል። ባቆመ ቁጥር የጠፋ ሰው ይዞራል። የሚያስፈልገው የማይቆም ድምፅ ነው። የማይቆም ድምፅ ደግሞ እኛ አለን» ብላ ሁሉንም ይዛ ወጣች።

እጇን ይዤ ልስም ስል እጄን ነጠቀችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። የሷን ቋንቋ እኔ አላውቅ፣ የእኔን እሷ አታውቅ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ ሶደርማልም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጬ ሰማኋቸው። ያ የ«ምምም» ቦታ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ እኔ ግን ዓይኔን አፍጥጬ ማን መቼ እንደሚተነፍስ ፈለግሁ። አላገኘሁም። የልጄን ብቻ አንድ ጊዜ ያየሁ መሰለኝ።

ዛሬ ሶስና የልጆች እናት ናት። ያን ቀን ሳነሳባት «ጨጨብሳው ነው ጥፋተኛው» ትለኛለች፤ በአማርኛ ነው የምትለኝ። ሐይቁ ላይ ደግሜ አልወጣሁም፤ በበጋ በጀልባም ቢሆን። እነዚያ ሰዎች ግን የትም ይሁኑ ትንፋሻቸው አይጠር እላለሁ። በስማቸው የማውቀው አንድም ሰው የለም።

ያን ዕለት ምድጃው ዳር ሆኜ ትንሽ ስረጋጋ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስልክ ነበር። ባለቤቴን ሥራ ቦታው ድረስ አስጠራሁት። እየሮጠ መጥቶ «ምነው? ምን ሆናችሁ?» አለ።

«መሬት ላይ ነን» አልኩት።

«ታዲያ የት ልትሆኑ ኖሯል?»

ወደ መስኮቱ አየሁ። በረዶው ቆሞ፣ ያ ሜዳ ምንም እንዳልሠራ ሰው ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ሶስና ከትልልቆቹ መሃል ቆማ ልምምዷን ጀምራለች፤ ነጠላዬን ከወገቧ ገና አልፈታችውም።

«ደርሰናል» አልኩት። «ደህና ነን።»